ፍሬን በሌለው ብስክሌት ወደ ውጫሌ

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ አንዲት ወጣት ተቀመጠች። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ብዙም እንዳልቆየች አባያዋም፣ ስልኳም፣ ረዳቱን «ያ አኺ» ማለቷም ይናገራል። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና አንገቷ ላይ ፊስ ፊስ አደረገች። የዑድ ሽቶ ነው። መኪናው ሙሉ ሸተተ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ አነጠሱ፣ ረዳቱ መስኮት ከፈተ፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። «ምነው አባባ፣ አበዛሁት እንዴ?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ ድሮ እኔ ላይ ከተረጨው ይሄ ምንም አይደል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሐይቅ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። ጢሙ የሸበተ ሰው ብቻውን እየሳቀ ስለ ሽቶ ሲያወራ እኔም ብሆን እሸሻለሁ።

ነገሩ የሆነው ለውጥ መጣ በተባለበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ንገረን የምትሉ ሌላ ሰው ጠይቁ፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዘመን የምለየው በልብስ ነው። ወንዱ ሁሉ ሱሪውን ተሸክሞ እየመጣ «ከታች አጥብበው» የሚለኝ፣ ባቱ ላይ ካልተጣበቀለት ሥራዬን ሥራ የማይልበት ጊዜ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ እህቶቻቸው ከጅዳና ከዱባይ የላኩትን አባያ ያመጡና «ይቺን አስመስለህ ስፋልኝ» ይላሉ፤ ጨርቁ እንደ ውሃ ያንሸራትታል፣ መርፌ አይዝም። ሻይ አምስት ብር ገባ ተብሎ ሐይቅ ከተማ ሲቆጣ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ የደም ግፊት አለብኝ። ያኔ ከሐይቃችን የወጣ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ሲመጣ ጭራው ከሳህኑ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር። ከሱቄ ቀጥሎ የስልክ ሚሞሪ የሚሞሉበት ቤት ነበር፤ ከድምፅ ማጉያው መንዙማ ይለቃል፣ መንዙማው ሲያልቅ ዘፈን ይተካል፣ አዛን ሲባል ሁሉም ፀጥ ይላል፣ ከዚያ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም ቅር አይለውም። ፖለቲካውን ተዉት። ሻይ ቤት የገባ ሁሉ ሚኒስትር ሆኖ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ ነው፣ አንድ ቀን ጭፈራ ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ተዘጋ ነው።

እኔ በዚያ ጊዜ ሚስቴ ከሞተች ቆይቷል። ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል። ቤቴ ውስጥ ከኔ በቀር ድምፅ የምታሰማው የስፌት መኪናዬ ብቻ ነበረች። እና ዘይነብ ነበረች። ዘይነብ የውጫሌ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ወንዱን አዲስ አበባ፣ ሴቷን ጅዳ ያደረሰች፣ ውጫሌ ገበያ ላይ ቅመም የምትነግድ፣ ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ የማይተናነስ ሴት። ውጫሌ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። እሷ ግን ጨርቋን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ እኔ ዘንድ ትመጣለች። አንዲት ቀሚስ ሰፍቼላት በአንድ ጊዜ ተስማምታ አታውቅም። «እጅጌው ረዝሟል፣ ፍታው።» እፈታለሁ። በሳምንቱ ትመጣለች። «አሁን ደግሞ አጥሯል።» ቀጣይ ሳምንት ወገቡ ነው፣ ከዚያ ዘርፉ ነው። እንደሷ ያንገላታኝ ደንበኛ አልነበረም። እንደሷ በር በሩን ያሳየኝም ደንበኛ አልነበረም። ወድጃታለሁ፤ ይኸው በግልጽ ጻፍኩት። ለሷ ለመንገር ግን አፌ ተሰፍቶ ነበር።

አንድ ምሽት ከውጫሌ በእግሩ የመጣ ነጋዴ ሱቄ ገብቶ አረፍ አለ። መንገዱ ከተዘጋ ሰንበት ብሏል፤ መኪናም ባጃጅም የለም። ሰውየው ውሃ እየጠጣ «ያቺ ዘይነብ ልትሄድባችሁ ነው አሉ» አለኝ። ልጇ አዲስ አበባ ጠቅልለሽ ግቢ ብሏታል፣ ሱቋን ለወንድሟ ለሁሴን አስረክባለች፣ ጓዟን አስራለች፣ የምትጠብቀው የመንገዱን መከፈት ብቻ ነው። «ነገ ይከፈታል ይባላል» ብሎ ብርጭቆውን መለሰልኝ። አገሩ ሁሉ ይከፈት ይከፈት የሚለው መንገድ ለኔ ሲከፈት የሚዘጋ ሆነ። ከመኪናው በፊት ውጫሌ መድረስ አለብኝ። በእግሬ እንዳልሄድ ጉልበቴ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ናት። እሷ የምታውቀው የስፌት መኪናውን መርገጫ ነው። ይሄን ሳስብ ነው ብስክሌት ትዝ ያለኝ፤ መርገጫ መርገጫ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?

ጎረቤቴ ሙሄ ለጎረምሳ የሚያከራየው አሮጌ ብስክሌት ነበረው። «ወስደህ ንዳው አያ ይመር፣ ግን ፍሬኑ አይዝም» አለኝ። «ታዲያ በምን ልቆም ነው?» ስለው በጎማ ኳስ የሚጨመቀውን ትልቅ የነሐስ ጥሩምባ እያሳየኝ «አብሽር፣ ጥሩምባው አንደኛ ነው። አንተ ባትቆም ሰው ይቆምልሃል» አለ። ማለዳ ሱብሂን ሰግጄ ያለኝን ደህና ልብስ ለበስኩ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው፣ ራሴ የሰፋሁት። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ቆብ፣ የሱሪው ጫፍ ሰንሰለት እንዳይገባ በጨርቅ ሸምቀቆ ታስሯል። ሐይቁ ዳር ሳልፍ ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ አይቶኝ «ኧረ በነቢ! አያ ይመር፣ ማን አሳደደህ?» ብሎ ጮኸ። አልመለስኩለትም። ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ላይ ሲሆን አንድም ማሽከርከር ነው አንድም ማውራት።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ መንገዱን በድንጋይ የዘጉት ወጣቶች አስቆሙኝ። እነሱ እንኳ አላስቆሙኝም፣ ድንጋዩ ነው ያስቆመኝ። አንደኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፋዘር፣ ለሰርግ ነው?» አለ። «ለሱ ነው የምሄደው፣ ከተሳካ» አልኩት። ተሳሳቁና ብስክሌቷን አንስተው በድንጋዩ ላይ አሻግረው አስቀመጡልኝ። «መኪና ነው እንጂ ፍቅር አልተከለከለም» አለኝ ሌላው፤ ከኋላም ገፋ አደረገኝ። በጎ አሳቢ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ባይገፋኝ ግን ይሻል ነበር፤ ቁልቁለት ነው።

ሱሉላን አልፌ ወደ አምባሰል ከመዳረሴ በፊት አንዲት መንደር አለች፤ መንገዱ ወደሷ ሲወርድ ልክ እንደ ጣራ ነው። ያን ቁልቁለት ስጀምር ብስክሌቷ የኔን ምክር መስማት አቆመች። ፍየሎች፣ ዶሮዎች፣ ውሃ የጫነች አህያ ከፊቴ አሉ። ያለኝ መሣሪያ ጥሩምባው ብቻ ነው። ጨመቅኩት። ሙሄ አልዋሸም፤ ከተራራው ተጋጭቶ የሚመለስ ድምፅ ነበረው። እስከ ታች ድረስ ሳላቋርጥ ነፋሁት። አህያዋ ገለል አለች። ፍየሎቹ ተበተኑ። እኔ መንደሩን ሰንጥቄ ወርጄ፣ ከታች ባለ አውድማ ዳር የጭድ ክምር ውስጥ ገባሁ።

እዚህ ላይ ለከተማ ሰው አንድ ነገር መንገር አለብኝ። እናንተ እድር የምትሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ጥሩምባ ያስነፋል። ጥሩምባ የሰማ እርሻ ላይም ይሁን ወፍጮ ቤት፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ያለውን ጥሎ ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። ጥሩምባ ነፊው እየጠራ የሚያልፈው ደግሞ ከመንደር መንደር ነው። እንግዲህ አስቡት። በማለዳ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው፣ እየበረረ፣ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ጥሩምባ ሲነፋ አልፏል።

ከጭዱ ውስጥ ራሴን ሳወጣ መንደሩ በሙሉ ከፊቴ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል። አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ ስሟ እቴ ጦይባ፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀምራለች። እኔም ለመነሳት ስሞክር ነው ከኋላዬ ነፋስ የተሰማኝ፤ ሱሪዬ ከወገብ እስከ ጭን ተተርትሯል። እጄን ሰድጄ ስዳስሰው ስፌቱ አልተፈታም፣ ጨርቁ ነው የተቀደደው። ይሄን ዛሬም ቢሆን እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ለሰማኝ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ማንም አልሰማኝም።

የቅሬው ዳኛ አያ ተፈሪ የሚባል፣ ጋቢውን በትከሻው ጣል ያደረገ ረጅም ገበሬ ነበር። ቀረብ ብሎ «ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። ሟቹ ማን ነው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ጥሩምባውን ለምን ነፋኸው?»

«ፍሬን ስለሌለው ነው።»

አያ ተፈሪ ዞሮ ሕዝቡን አየ። ሕዝቡ እሱን አየ። እቴ ጦይባ ለቅሶዋን አቁማ «ማንም ካልሞተ እኔ ማንን ነው የማለቅሰው?» ብላ ተቆጣች። «አንቺማ ምን ቸገረሽ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አላት አንዱ። ከሕዝቡ መሐል በምርኩዝ የተደገፉ፣ ፂማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ወጡ። የመንደሩ ትልቅ ሼህ እንድሪስ ናቸው። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን «አንት ልጅ» ብለው ጀመሩ።

«አንት ልጅ፣ ያለ ሞት የቅሬ ጥሩምባ መንፋት ቅጣቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ሼሁ።»

«እኛም አናውቅም። እንዲህ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረማ! በል የት እንደምትሄድ ተናገር።»

ሱሪዬን ከኋላ በእጄ ጨምድጄ እውነቱን ተናገርኩ። ዘይነብን፣ ቀሚሱን፣ ጓዝ ማሰሯን፣ መንገዱን፣ ሁሉንም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። ሼሁ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ከመርዶ የባሰ ጠቆረ።

«ሴት ልትጠይቅ ነው የምትሄደው? ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ሽማግሌ ሳትይዝ? ራስህ ለራስህ ተሽማግለህ? ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሐይቅ ሰው አልቆ ነው? ይቺ ሴት ምን በደለችህና እንደ ዶሮ ገበያ ወርደህ ልትጠይቃት አሰብክ?»

«ጊዜ የለኝም ሼሁ። መንገዱ ከተከፈተ ትሄዳለች።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ሼሁ፣ እና ወደ አያ ተፈሪ ዞሩ። «ተፈሪ፣ ጀማው ወጥቷል። የወጣ ጀማ በባዶ አይመለስም። ሞት ከሌለ ሰርግ ይሁን።» አያ ተፈሪ አገጩን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «መርሐባ፣ እኔም የማስበው እሱኑ ነው። አካፋውን መልሱት፣ ከዘራ ይምጣ» ሲል ፈረደ። በዚህ ዓይነት ሊቀብሩ የወጡ ሰዎች የኔ ሽማግሌ ሆኑ።

እኔ በደስታ እንሂድ ስል፣ ወሎ ውስጥ መሆኔን ረስቼዋለሁ። እንግዳ ሳይበላ ከዚያች መንደር አይወጣም። ወደ ሐሊማ ቤት ገፍተው አስገቡኝ። ሐሊማ ከጅዳ የተመለሰች ወጣት ናት፤ በላበቷ ሸክላ የተነጠፈበት በረንዳ ያለው ቤት ሠርታለች፣ በረንዳው ላይ ግን በቆሎ ነው የተሰጣው። ሱሪዬን አይታ «ጋሼ፣ በዚህ ሁኔታ እንኳን ሴት ወፍጮ ቤትም አይኬድ» አለችና የወንድሟን አዲስ ሽርጥ ሰጠችኝ። ከላይ ጥቁር ኮት፣ ከታች አረንጓዴ መስመር ያለው ሽርጥ። ቀጥላ «ላብ ላብ ይሉኛል» አለችና ጠርሙስ አነሳች። ያ ዑድ ነው እንግዲህ። አንገቴን፣ ደረቴን፣ ብብቴን፣ ጀርባዬን፣ ቆቤን ረጨችኝ። ያስነጠሰኝ ጊዜ «ማሻአላህ፣ ገባ» አለች።

ከዚያ ገንፎ መጣ። ለቸኮለ ሰው ከገንፎ የባሰ ጠላት የለም። መሐሉ ቅቤው ይፈላል፣ ዳር ዳሩ ጣት ያቃጥላል። እኔ በጥድፊያ ስጎርስ ምላሴ ተላጠ፣ እነሱ ግን ረጋ ብለው እየጠቀሱ የዘይነብን ዘር ይቆጥራሉ። አያ ተፈሪ የእናቷን አጎት ያውቀዋል። እቴ ጦይባ ባሏ ሲሞት አልቅሳለች፤ ማን ሲሞት ያላለቀሰችው አለ? ገንፎው ሲያልቅ ተነሳሁ። ሼህ እንድሪስ ግን መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ዱዓ ሳይደረግ ሽማግሌ ከቤት አይወጣም። ለዝናቡ ዱዓ አደረጉ። ለከብቱ አደረጉ። በዓረብ አገር ላሉ ልጆች፣ በባሕር ላይ ላሉት፣ ለአገሪቱ፣ አገሪቱን ለያዟት ልብ እንዲሰጣቸው። እኔ በየመሐሉ አሚን እላለሁ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የተዘጋውን መንገድ ሁሉ ክፈትልን!» አሉ። «አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። እኔ ብቻ አላልኩም። በዚያው ቅጽበት ከወደ ሱሉላ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። መንገዱ ተከፈተ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሼሁ ከአያ ተፈሪ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ዱዓቸው እንዲህ ፈጥኖ የደረሰበት ቀን የለም። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ በሽርጤ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ። እቴ ጦይባ ብቻ አየችኝና «አብሽር፣ እንባዬ በከንቱ አይቀርም፣ ሳንድርህ አንመለስም» አለችኝ።

አንድ አይሱዙ አስቆሙ። ሼሁና ሐሊማ ከሹፌሩ ጋር ጋቢና ገቡ፣ እኛ ከብስክሌቷ ጋር ላይ ወጣን። ሽማግሌ ይሆናሉ ከተባሉት ውጭ «መጨረሻውን ሳናይ አንቀርም» ያሉም ተሳፍረው ነበር። ሹፌሩ አምባሰል ስንገባ የዘፈኑን ቅኝት ወደ አምባሰል ለወጠው፤ በዚህ አገር ሌላ ማጫወት ነውር ነው አለ። ያ መንገድ እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። አያ ተፈሪ ጋቢውን ነፋስ እያራገበበት ከዘራውን ይዞ እንደ ንጉሥ ቆሞ ነበር። ነፍሱን ይማር፤ በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ከብቶቼን ለማን ትቼ ብሎ ቀረ፣ አላገኘነውም። ሐሊማም ያ በረንዳዋ ተሰነጣጥቆባት ተመልሳ ጅዳ ገብታለች። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን አይሱዙ ላይ የነበርነው ሰዎች ዳግመኛ አንድ ላይ አልቆምንም። ያኔ ግን ይሄን ማን ያውቃል? እኔ የማስበው ሚኒባሱን ብቻ ነው።

ውጫሌ ስንደርስ የሁሴን ቤት ባዶ ነው። «ሊሸኛት መናኸሪያ ሄደ» አሉን ጎረቤቶቹ። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ጣራው ላይ ጓዝ ታስሯል፣ መስኮቱ ዳር ዘይነብ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ሼህ እንድሪስ ከአይሱዙው ወርደው፣ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ሄደው፣ ሚኒባሱ ፊት ለፊት ቆሙ። አያ ተፈሪ ከጎናቸው ቆመ። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። የዚያች መንደር ሰው ደግሞ ጥሩምባ ሲነፋበት ይበልጥ ይሰበሰባል እንጂ አይበተንም።

«ምንድን ነው? ደግሞ መንገድ ተዘጋ?» አለ ሹፌሩ ራሱን አውጥቶ።

«ሽማግሌ ነን» አሉ ሼሁ። «የዘይነብን ወንድም እንፈልጋለን።»

ሁሴን መጣ። ነገሩ ሲገባው ቀላ። «ሽምግልና በመናኸሪያ? ይሄ ነውር ነው! ወግ ባለው ቀን ቤት ኑ፣ እኛም እንመክርበታለን፣ ከወር በኋላ መልስ እንሰጣለን።»

«ከወር በኋላ ሴትዮዋ የለችም» አለ አያ ተፈሪ። «ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳይሰማ ከቆመበት አይነሳም። ይሄንንም አንተ አታጣውም።»

ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። አንዷ «እሺ በያቸውና እንሂድበት፣ ልጄ ደሴ ይጠብቀኛል» ትላለች። ሌላው «እንዴት በአንድ ጊዜ እሺ ትላለች? ቢያንስ ሁለቴ ትመልሳቸው» ይላል። ረዳቱ «ቆይ፣ ሙሽራው የቱ ነው?» ሲል ጣት ሁሉ ወደኔ ዞረ። ቆቤ ላይ ጭድ፣ ወገቤ ላይ ሽርጥ፣ ሽታዬ ከመናኸሪያው በር ጀምሮ ይቀድመኛል። ዘይነብ መስኮቱን ከፈተች።

«ይመር፣ ይሄ የለበስከው ምንድን ነው?»

«ሽርጥ ነው።»

«ሱሪህስ?»

«ተቀደደ።»

«ማን ነበር የሰፋው?»

«እኔ ነኝ። ግን ስፌቱ አይደለም ዘይነብ፣ ጨርቁ ነው!»

መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። በሩን አስከፍታ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች ወረደችና ፊቴ ቆመች። ያን ያህል ቀርባኝ አታውቅም።

«ስፌትህን አውቀዋለሁ» አለች። «አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። እጅጌውም ልክ ነበር፣ ወገቡም ልክ ነበር። እያስፈታሁ የምመላለሰው ለቀሚሱ ብዬ መሰለህ? ስንት ቀሚስ ላስፈታህ፣ ይመር? ሰበብ አለቀብኝ። የሚፈታ ስፌት ስላጣሁ ነው የምሄደው።»

እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መንገዱን በሙሉ ስደግመው ነው የመጣሁት። በሱ ፈንታ ቆቤን አውልቄ ጭዱን አራገፍኩ። ሁሴን ጭንቅላቱን ያዘ። ዘይነብ ወደ ረዳቱ ቀና ብላ «ጓዜን አውርድልኝ» አለች።

ያን ጊዜ የተቆጡት ሼህ እንድሪስ ናቸው። «ቆዩ እንጂ! እኔ ገና መች ተናገርኩ? ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሳልናገር እሺ ይባላል?» ዘይነብ ጓዟ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ «ይናገሩ አባቴ» አለቻቸው። ከአደም ጀምረው ተናገሩ። ሚኒባሱም አልሄደ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይሰማ ነበር። እቴ ጦይባ በዚህ መሐል የልቧን አለቀሰች።

ኒካሑ ታሰረ፣ ሐይቅ ገባን። ጥቂት ጊዜ ደህና ኖርን። ቀሚስ እሰፋላታለሁ፣ በልማዷ «ፍታው» ትላለች፣ አልፈታም። ከዚያ ያ ጦርነት መጣ። ስለሱ የሚያወራ ሞልቷል፣ እኔ አላወራም። አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ። ከተማው መላ ሲጠፋበት፣ ሰው ፍራሹን በጀርባው አዝሎ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ የዘይነብ ልጅ ከአዲስ አበባ ደዋውሎ አንድ ሚኒባስ ላይ ቦታ አገኘላት። አንድ ቦታ። ሰው በሰው ላይ ነው። ጓዟን አስሬ፣ እጇን ይዤ፣ እንደምንም ገፍቼ አሳፈርኳት። «ሂጂ፣ እኔ በእግሬ እደርስብሻለሁ» አልኳት። በእግሬ ደሴ እንደማልደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። በመስኮቱ አየችኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል በሩን አስከፍታ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች ወረደች።

«ያኔ አገር ምድሩን ይዘህ መጥተህ ከመኪና አወረድከኝ» አለችኝ። «ዛሬ ብቻህን ቆመህ ሂጂ ትለኛለህ? እኔ እንዲህ በቀላሉ የምሄድ ሴት አይደለሁም። ሽማግሌ ሰብስብና አስለምነኝ።»

ግራና ቀኝ አየሁ። ያን ቀን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ የሚሆን ሰው አልነበረም። ጓዟን ተቀብያት ወደ ቤታችን ገባን።